የጠፋው መርማሪ በትየርኪዲ

ባለ ሥልጣን ሲደናቀፍ ማየት በየትም አገር ቢሆን ሕዝብን ያሥቃል። ይልቁንም የተደናቀፈው ሰው ሌባ እንዲይዝ የተላከ ፖሊስ ሲሆን ሳቁ እጥፍ ይሆናል። ተራ ሰው መንገድ ላይ ቢያዳልጠው ጥቂት ሥቀን «እኔን» ብለን እናነሣዋለን፤ ኢንስፔክተር ሲወድቅ ግን ለማንሣት የሚቸኩል የለም። ሲኒማም ይህን የሰው ጠባይ ገና በሕፃንነቱ ዐውቆት፥ ድምፅ ካልነበረው ዘመን ጀምሮ ፖሊሶችን እያንከባለለ እንጀራውን ሲበላበት ኖሯል።

ከእነዚህ ወዳቂ ፖሊሶች ሁሉ ስሙ የገነነው ኢንስፔክተር ክሉሶ የሚባለው ፈረንሳዊ መርማሪ ነው። ዛሬ ስለ እርሱ የምንጽፈው ግን ስለ ገናናነቱ አይደለም፤ ስለ እርሱ ከተሠሩት ፊልሞች መካከል ተመልካቹን እጅግ ስላሳዘነው ስለ አንደኛው ነው። ይህንም ፊልም ያየነው በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳይሆን፥ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ፥ ትየርኪዲ በተባለው የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ፥ ከቆርቆሮና ከሸራ በተሠራ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ጁባ ላይ ጦርነት ተነሥቶ ወደ ላይኛው ናይልና ወደ ጆንግሌይ በተዛመተ ጊዜ፥ ቍጥሩ የበዛ የደቡብ ሱዳን ሕዝብ፥ የሚበዛውም ሴትና ሕፃን፥ በፓጋክና በሌሎችም የጠረፍ በሮች እየተሻገረ ወደ ጋምቤላ ገባ። ትየርኪዲም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። በጣቢያው የሚሰማው ቋንቋ ኑዌርኛ ነው፤ የኑዌር ሕዝብ ጠረፉ ከመሠመሩ በፊት ጀምሮ በዚህም በዚያም ወገን ከብቱን እየነዳ የኖረ በመሆኑ፥ ከስደተኞቹ ብዙዎቹ በጋምቤላ ሜዳ ዘመድ አላቸው። በገበያው መካከል ሻይ ቤት አለ፤ ጠጕር አስተካካይ አለ፤ ስልክ በጄኔሬተር የሚሞላ አለ፤ እንደዚሁም ቪዲዮ ቤት አለ። ቪዲዮ ቤቱ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ እግር ኳስ ያሳያል፤ ኳስ በሌለ ቀን ያገኘውን ፊልም ያሳያል። እኛም የገባነው ፊልም ፍለጋ ሳይሆን ከፀሐይ ለመሸሽ ነበር።

የተገኘው ፊልም «የፒንክ ፓንተር ዱካ» የተባለው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1982 የወጣው ሆነ። (የውጭ አገሩን ነገር በአውሮፓ፥ የአገራችንን በአገራችን አቈጣጠር እንደምንሰጥ አንባቢ ይወቅልን።) ከፊት ወንበር ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ ቆመና እንግሊዝኛውን ወደ ኑዌርኛ እየመለሰ ለሕዝቡ ያሰማ ጀመር። በዚህ ዓይነት በቃል የሚመለስ ፊልም በአገራችን ትናንሽ ከተሞች ሁሉ የታወቀ ነው፤ አስተርጓሚው ጐበዝ ከሆነ ከተዋናዩ ይልቅ እርሱ ይደመጣል። ይህ ልጅ ጐበዝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባን ወደ ኋላ እንመለስ። የመጀመሪያው «ፒንክ ፓንተር» በ1963 የተሠራ ነው። ፒንክ ፓንተር ማለት ሮዝማ ግሥላ ማለት ሲሆን፥ ስሙ የአንድ ታላቅ አልማዝ ስም ነው፤ በአልማዙ ውስጥ ግሥላ የሚመስል ቅርጽ ስላለ እንዲህ ተባለ። አልማዙን ሊሰርቅ የሚፈልገው ጨዋ ሌባ ሰር ቻርለስ ሊተን፥ የሚሠራውም ዴቪድ ኒቨን ነበር። የፊልሙ ጌታ እርሱ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ነገር ግን ሌባውን የሚያሳድደው መርማሪ፥ ፒተር ሴለርስ የሠራው ክሉሶ፥ ከጌታው ዙፋኑን ነጠቀው። በር ሲከፍት በሩ ይመታዋል፤ ሉል ሲነካ ሉሉ ይዞት ይዞራል፤ ገዛ ሚስቱ የሌባው ወዳጅ መሆኗን ዓለም ሁሉ ሲያውቅ እርሱ ብቻ አያውቅም። በመጨረሻም ሌቦቹ አልማዙን በእርሱ ላይ አላክከው ክሉሶ እስር ቤት ይገባል። ሌባው ነፃ ወጣ፤ ፖሊሱ ታሰረ፤ ሕዝቡም ሥቆ ወደ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ የተዋረደው መርማሪ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዲሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ የክሉሶን ውርደት የሳቅ ምንጭ ያደረገበትን መንገድ ልብ ማለት ይገባል፤ የኋለኛው ፊልም ለምን እንደ ከሸፈ የሚገባን በዚህ ነውና። ክሉሶ ተዋርዶ አያውቅም። ይኸውም ዓለም አዋርዶታል፥ እርሱ ግን አልሰማም። ከደረጃ ላይ ተንከባሎ ወርዶ ሲነሣ ኮቱን አራግፎ፥ ዐውቆ እንዳደረገው ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሴለርስ ፊቱን ለሳቅ አያጣምምም፤ ክብሩን እንደ ሞላ ብርጭቆ ይዞ፥ እንዳይፈስስበት እየተጠነቀቀ ይራመዳል። እኛም የምንሥቀው ብርጭቆው ሲፈስስ ሳይሆን፥ ፈስሶ ካለቀ በኋላ እንኳ ሰውየው እየተጠነቀቀ ሲራመድ ነው።

በ1975 በወጣው «የፒንክ ፓንተር መመለስ» ውስጥ ያለውን አንድ ትርኢት ለመሥሪያ ቤት ወጣቶች በተለይ እናስታውስ። ክሉሶ ከመርማሪነት ወርዶ፥ ዩኒፎርም ለብሶ መንገድ የሚጠብቅ ተራ ፖሊስ ሆኗል። በመንገድ ዳር አንድ ዐይነ ስውር መሳይ ሰው አኮርዲዮን ይጫወታል፤ አጠገቡም ጦጣ አለች። ክሉሶ ሰውየውን ይዞ ስለ ፈቃድ ይጠይቀዋል። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ፈቃዱ የሙዚቃ ነው ወይስ የልመና፤ ጦጣይቱስ የማን ናት? ሰውየው በትሕትና ይመልሳል፤ ክርክሩ ይረቅቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከክሉሶ ጀርባ ያለው ባንክ ይዘረፋል። አኮርዲዮን ተጫዋቹም ዐይነ ስውር ሳይሆን የዘራፊዎቹ ጠባቂ ኖሯል። ደንብ ጠቅሶ በር ላይ ባለጉዳይ ያቆመ፥ ከጀርባው ግን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት የወጣበት ሰው ይህን ሲያይ መሣቁን እንጃ፤ እኛ ግን ሥቀናል።

ስለ አለቃው ስለ ድሬይፈስም ሳናነሣ አንለፍ። ኸርበርት ሎም የሠራው ይህ ሰው ከ1964 ጀምሮ የክሉሶ የበላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ፥ ሕጉን የሚያከብር፥ ምናልባትም በፓሪስ ፖሊስ ውስጥ አእምሮ ያለው ብቸኛ ሹም እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ምን ያደርጋል! ክሉሶ ያበላሸው ሁሉ በአጋጣሚ እየተቃና ሽልማቱ ለክሉሶ ይሆናል፤ ድሬይፈስም ዐይኑ እየተንቀጠቀጠ በመጨረሻ ወደ እብዶች ሆስፒታል ይገባል። የክሉሶ ፊልሞች ከሳቁ በታች መራራ ነገር አላቸው ብለን የምናስበው ስለዚህ ነው። ውርደቱ የሚገባው ሰው ክብር ያገኛል፤ ክብር የሚገባው ሰው ያብዳል። ይህን የመሰለ ነገር በፊልም ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር።

አሁን ከትረካው መንገድ ጥቂት እንውጣና አንባቢ ያልጠበቀውን እንናገር። ክሉሶን እንዲሠራ መጀመሪያ የተመረጠው ሴለርስ አልነበረም። የተመረጠው ፒተር ዩስቲኖቭ ነበር። ፊልሙ ሊነሣ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ዩስቲኖቭ «አልሠራም» ብሎ ወጣና፥ ሴለርስ በችኰላ ወደ ሮማ ተጠራ። ይህ ዩስቲኖቭ ማን ነው ቢሉ፥ በለንደን በ1921 የተወለደ፥ አባቱ ከሩስያና ከጀርመን ቤት የሚመዘዝ፥ ነገር ግን ከዘሩ አንዱ ክር በቀጥታ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ይቀልጡ ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ሞሪትስ ሆል የተባለ የፖላንድ ተወላጅ ነበር። ሆል ያገባት ካታሪና፥ በአገር ስሟ ወለተ ኢየሱስ፥ ኤድዋርድ ሳንደር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ከኢትዮጵያዊት ሴት የወለዳት ነበረች። ቴዎድሮስ በመቅደላ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በወደቁበት ሰሞን ካታሪና ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟንም በአምባው ስም ማግዳሌና አሏት። ቤተ ሰቡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጥቶ በኋላ በያፋ ተቀመጠ። ማግዳሌናም እዚያ ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ የተባለውን የሩስያ ተወላጅ አገባች፤ ከእርሱ የተወለደው ዮና የፒተር ዩስቲኖቭ አባት ነው። እንግዲህ የሴባስቶፖልን መድፍ ባቀለጡት መካከል የነበረው ሰው የልጅ ልጅ ልጅ፥ ዓለም በክሉሶ ስም ሊሥቅበት ጥቂት ቀርቶት ነበር ማለት ነው። ሳይሆን ቀረ። ዩስቲኖቭም አልተጐዳም፤ በ1964 በወጣው «ቶፕካፒ» በተባለ የሌቦች አሥቂኝ ፊልም ሁለተኛውን ኦስካር ወሰደ፤ ከዚያም በናይል ላይ በሚሆነው የግድያ ታሪክ መርማሪውን ኤርኩል ፑዋሮን ሆኖ በ1978 ታየ። ባሮ ወደ ሶባት፥ ሶባትም ወደ ነጭ ናይል እንደሚፈስስ ያሰበ ሰው፥ ይህን በጋምቤላ ሜዳ ላይ ሲያስታውስ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዩስቲኖቭ በ2004 እስኪሞት ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በጎ ፈቃድ መልእክተኛ ነበር። የዚሁ ድርጅት ሰማያዊ ጽሑፍ በትየርኪዲ ድንኳኖች ላይ ተጽፎ ስናይ እርሱን ማስታወሳችን ስለዚህ ነው።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ፒተር ሴለርስ በሐምሌ ወር 1980 ለንደን ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 54 ዓመት ነበር። በዚያ ጊዜ አምስት ጊዜ ክሉሶን ሆኖ ሠርቶ ነበር። (በ1968 ሌላ ተዋናይ፥ አለን አርኪን፥ ክሉሶን ሞክሮት ነበር፤ ማንም ስለማያስታውሰው እኛም አናስረዝመው።) ሲሞት ስድስተኛው ፊልም በወረቀት ላይ ነበር። እንግዲህ ተዋናዩ ሲሞት ክሉሶም አብሮ ይቀበራል ብሎ የጠበቀ ሰው ተሳሳተ። በ1976 ለወጣው ፊልም ተነሥተው፥ ርዝመት እንዳይበዛ ተቈርጠው የተጣሉ ቁራጮች በመጋዘን ውስጥ ነበሩ። ኤድዋርድስና ኩባንያው እነዚህን ቁራጮች አወጡ፤ አቧራቸውን አራገፉ፤ ዙሪያቸውንም አዲስ ታሪክ ሰፉበት። «የፒንክ ፓንተር ዱካ» የተባለው ይህ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አልማዙ እንደ ገና ይሰረቃል። ድሬይፈስ ክሉሶን ይልከዋል። ክሉሶ በመላ አካሉ ላይ ጀሶ አስጠቅልሎ አይሮፕላን ላይ ይሳፈራል፤ በዚያ ግዙፍ ጀሶ የአይሮፕላኑ ሽንት ቤት ውስጥ ለመግባት የሚያደርገው ትግል የቪዲዮ ቤቱን ሰው ሁሉ አንፈራፈረው። እኛም ሥቀናል፤ እውነቱ መነገር አለበት። ሴለርስ በሚታይበት ጊዜ ሁሉ ቁራጭም ቢሆን ሴለርስ ነው። ከዚያ በኋላ ክሉሶ የሚሳፈርበት አይሮፕላን በባሕር ላይ ይጠፋል። ፊልሙም ገና እኩሌታው ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ አስተርጓሚው ልጅ ወደ እኛ ዘወር አለና በአማርኛ፤ «ጋሼ፥ ሰውዬው የት ገባ?» አለን።

«ሞቷል» አልነው።

«በፊልሙ ነው በእውነት?»

«በእውነት። ይህ ፊልም ከመሠራቱ በፊት ነው የሞተ።»

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ። ከዚያም «ይህን አልነግራቸውም» አለና መተርጐሙን ቀጠለ።

ለምን እንዳልነገራቸው ወዲያው ነው የገባን። በፊልሙ የቀረው ክፍል ማሪ ዡቬ የምትባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ፥ ጆአና ላምሊ የሠራችው፥ የጠፋውን መርማሪ ስትፈልግ የሚያሳይ ነው። ወዳጆቹን ትጠይቃለች፤ አሽከሩን ኬቶን ትጠይቃለች፤ አለቃውን ትጠይቃለች፤ አባቱን ወይን ከሚያመርትበት ስፍራ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። ሁሉም «እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ይላሉ፤ ከየአፋቸውም የድሮ ፊልሞች ቁራጭ እየተመዘዘ ይታያል። በአውሮፓ ይህን ያየ ተመልካች አዛጋ፤ ቁራጩን ቀድሞ ያውቀው ነበርና። በትየርኪዲ ግን ማንም አላዛጋም። ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበና ቤቱ ጸጥ አለ። ጋዜጠኛይቱ ፎቶግራፍ ይዛ በየበሩ ስትዞር፥ «አይተኸዋልን? መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» ስትል፥ የተቀመጡት ሰዎች የሚያዩት የሳቅ ፊልም መሆኑን የረሱ መሰሉ።

ይህ ጥያቄ በዚያ ጣቢያ ያልተጠየቀ ሰው የለምና ነው። በሽሽቱ ጊዜ ባል ከሚስት፥ ልጅ ከእናት ተለያይቷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋምቤላ ጣቢያዎች የተለያዩ ቤተ ሰቦችን የማገናኘት ሥራ ሠርተዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ በነፃ ስልክ ያስደውላሉ፤ አድራሻው የጠፋውን ሰው በስምና በተወለደበት ቦታ ያፈላልጋሉ። ደውሎ ያገኘ አለ። ደውሎ ስልኩ የማይነሣለትም አለ፤ ይህኛው ቤቱ ተቀምጦ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ገና ይመጣል። እንግዲህ ፈላጊዋን ሴት እንደ ፌዝ ሊያዩ አልቻሉም። ሠሪዎቹ ግን የሚፈለገው ሰው እንደማይገኝ ዐውቀው፥ መቃብሩንም ዐውቀው፥ ፍለጋውን እንደ ገበያ አዘጋጅተውታል። ሙት ወቃሽ አያድርገንና ኤድዋርድስም በ2010 ሞቷል፤ በዕድሜው ታላላቅ ፊልሞች የሠራ ሰው ነው። ይህን ሥራ ግን ሴለርስን ለማክበር ነው ቢልም፥ በመግቢያው ላይም ፊልሙ ለእርሱ መታሰቢያ መሆኑን ቢጽፍበትም፥ የሟቹን ጓዳ በርብሮ የተጣለውን ለቅሞ ማቅረብ ተዝካር አይባልም። ተዝካር የሚወጣው ከደጋሹ ጐተራ ነው እንጂ ከሟቹ ፍርፋሪ አይደለም።

የሟቹ ሚስት ሊን ፍሬድሪክም እንዲሁ ሳታስብ አልቀረችም። ፊልሙ የባሏን ስም ዝቅ አድርጓል በማለት ክስ ተነሣ፤ ነገሩ ለንደን ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቢያነቡት የሚጠቅማቸው ክርክር ነው። በዚያ ጊዜ እንግሊዝ አገር በ1958 የወጣ ተዋንያንን የሚጠብቅ ሕግ ነበረ፤ ያለ ተዋናዩ የጽሑፍ ፈቃድ ሥራውን በፊልም ማውጣትን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ሕጉ የወንጀል ሕግ ስለሆነ መቀጮ እንጂ ካሣ አያውቅም የሚል ሙግት ቀረበ፤ ደግሞም ሰውየው ከሞተ ፈቃዱም አብሮ ሞቷል ተባለ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ሙግት አልተቀበለም። ተዋናዩ በገዛ ሥራው ላይ መብት አለው፤ ይህም መብት ሲሞት ንብረቱን ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ይተላለፋል ብሎ ፈረደ። ካሣውም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ይግባኝ ቢባልም ፍርዱ ጸና። የእንግሊዝ ፓርላማ ደግሞ በ1988 ባወጣው ሕግ የተዋንያንን መብት በግልጽ ደነገገ። ማንም የረሳው ፊልም፥ ማንም የማይረሳው ፍርድ አስገኘ።

በአገራችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ፥ ተዋንያንና ዘፋኞች ሥራቸው ሲቀረጽና ሲባዛ ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ አዝዟል። ሕጉ አለ ማለት ነው። ዳሩ ግን በየሱቁ የሚገለበጠውን ፊልምና ዘፈን ያየ ሰው፥ ሕግ መኖሩና ሕግ መሥራቱ ሁለት ነገር መሆኑን ያውቃል። እኛም ራሳችን በዚያ ቪዲዮ ቤት ያየነው ፊልም በፈቃድ የመጣ ነው ብለን አንምልም። ይህን ስንጽፍ ትንሽ አፍረናል፤ የክሉሶ ዓይነት ቀጥ ብሎ መራመድ ግን አልተማርንም።

ለፊልሙ ፍትሕ እንስጥ ከተባለ አንድ ነገር መናገር ይቻላል። ጋዜጠኛይቱ ድሬይፈስን ስትጠይቀው ያለው ትርኢት ጥሩ ነው። ክሉሶ ጠፍቷል፤ ድሬይፈስ ስለ ጠፋው ጓዱ በኀዘን መናገር አለበት፤ ኀዘኑን ግን ደስታ እየገፋው በመካከሉ ሳቅ ያመልጠዋል። ሎም ያለ ሴለርስ ብቻውን ቆሞ ማሣቅ እንደሚችል ያሳየበት ነው። የቀረው ግን ሌላ ነው። ዴቪድ ኒቨን በከባድ ሕመም ላይ ሳለ ተነሣ፤ ድምፁ ደክሞ ስለነበረ ሪች ሊትል የተባለ ድምፅ አስመሳይ በእርሱ ፋንታ ተናገረ። እንግዲህ በአንድ ፊልም ውስጥ አንዱ ተዋናይ ሞቷል፤ ሁለተኛው የሚናገረው በሰው ድምፅ ነው። ኒቨን በ1983 በሐምሌ ወር ሞተ። ይህን ዐውቆ የሚያይ ሰው ፊቱን ሲያይ ሳቅ ከየት ያመጣል?

ከዚያው ፊልም ጋር ባንድነት ተነሥቶ በ1983 የወጣው «የፒንክ ፓንተር ርግማን» የባሰ ሆነ። በዚህኛው ክሉሶን ፈልጎ እንዲያመጣ የዓለም ምርጥ መርማሪ በኮምፕዩተር ይመረጣል፤ ድሬይፈስ ኮምፕዩተሩን አበላሽቶ የዓለምን መጥፎ መርማሪ ያስመርጣል። የተመረጠው ክሊፍተን ስሌይ የሚባል የኒው ዮርክ ፖሊስ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ለመሥሪያ ቤት ቀልድ እንዲያውም ግሩም ነበር። ነገር ግን ቴድ ዋስ የሠራው ይህ ሰው ይወድቃል፥ ይነሣል፥ እንደ ገና ይወድቃል፤ ክብር ስለሌለው የሚፈስስ ነገር የለውም። መውደቅ ብቻውን አያሥቅም፤ ባዶ ብርጭቆ ቢገለበጥ ማን ይሥቃል? በኋላም ሮቤርቶ ቤኒኚ በ1993 የክሉሶ ልጅ ነኝ ብሎ መጣ፤ ስቲቭ ማርቲንም በ2006ና በ2009 ክሉሶን ሆነ። ገንዘብ ያገኘ አለ፤ ያከሰረ አለ። ክሉሶ ግን ከ1980 ወዲህ አልተገኘም።

በትየርኪዲ ፊልሙ ሊያልቅ ነው። ጋዜጠኛይቱ ለተመልካቹ «ምናልባት አለ ይሆናል» ትላለች። ከዚያም በገደል አፋፍ ላይ፥ ባሕር እያየ፥ ጀርባውን የሰጠን ሰው ይታያል። ኮቱ የክሉሶ ኮት፥ ባርኔጣው የክሉሶ ባርኔጣ ነው። ፊቱን አያዞርም፤ ሊያዞርም አይችልም፤ ሌላ ሰው ነውና። አንድ የባሕር ወፍ ከላይ ታልፍና ኮቱ ላይ ትጥልበታለች። ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ፊልሙም አለቀ።

ሳቁ ሲበርድ ከኋላችን አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴት በኑዌርኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች። ሌሎቹም ወደ አስተርጓሚው ዘወር አሉ። ልጁ ወዲያው አልመለሰላትም፤ ወደ እኛ መጣ።

«ምን አለች?» አልነው።

«ከተገኘ ታዲያ ለምን ወደ ቤቱ አይሄድም ነው የምትለው፥ ጋሼ።»

«አንተስ ምን ልትላት ነው?»

ልጁ እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ የሚሽከረከረውን የስም ዝርዝር አየ። ከዚያም ወደ ሴትዮዋ ዞሮ አጠር ያለ መልስ ሰጣት። እርስዋም ራስዋን ነቅንቃ ሕፃኑን ወደ ጀርባዋ አዘለች። ምን እንዳላት ስንጠይቀው «ገና በመንገድ ላይ ነው አልኳት» አለን። ባለቤቱ ኳሱ ሊጀመር ነውና ሒሳብ ያልከፈለ እንዲከፍል ጮኸ፤ እኛም ከፍለን ወጣን።